የአለቃ ታዬ ብትን ጽሑፎች

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንት የሚያልፈው፣ ጨጨሆን ተሻግሮ ወደ ዋድላና ደላንታ የሚዘልቀው መንገድ የጦርና የነጋዴ መንገድ ብቻ አልነበረም። ተማሪም ይሄድበታል። ድጓ የተማረ ሰው ትምህርቱን የሚያስመሰክረው ቤተልሔም ነው፤ ቤተልሔም ደግሞ የጋይንት ናት። ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ ዙር አምባ ይወጣል፤ እሷም ያው ጋይንት ናት። በእስቴ በኩል ያለችው ቆማም የራሷ ዜማ አላት። ከስማዳ፣ ከፎገራ፣ ከላስታና ከጎጃም የመጣው የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከመንደር ውሻ ጋር እየታገለ፣ ሌሊቱን በቃሉ ሲያጠና ቀኑን ብራና ላይ ሲገለብጥ ዓመታት ያልፉታል። የሚገለብጠው የራሱን ድጓ ነው። አዲስ ነገር መጻፍ ሐሳቡም አይደለም። የተቀበለውን ሳያጎድል፣ ሳይጨምር ለተከታዩ ማድረስ ነው ሥራው።

አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም የዚህ አገር ሰው ናቸው፤ ግን ከዚህ ሥራ የወጡ። ስማቸውን ዛሬ የሚያነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው አንድ መጽሐፋቸውን ብቻ ነው፤ እሱንም አንብቦ ሳይሆን ሰምቶ ነው። የጻፉት ግን ከዚያ ይበልጣል፤ የተበተነውም በሦስት አገር ነው።

የተወለዱት በ1853 ዓ.ም በይፋግ ነው። ይፋግ ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ ዛሬ ደቡብ ጎንደር በምንለው ውስጥ፣ በዚያን ጊዜ የታወቀ ገበያና የቀረጥ ኬላ ነበረች። ከጎጃም የመጣ ቡና፣ ሰምና የዝሆን ጥርስ ወደ ጎንደር ከመዝለቁ በፊት ያርፍባታል፤ ከምጽዋ የወጣ ጨርቅም ይደርስባታል። ለይፋግ ልጅ ምጽዋ የተረት አገር አልነበረችም። ጎረቤቱ ደርሶባት የሚመለስባት ወደብ ነበረች።

ሕፃኑ ታዬ ነፍስ ባወቀበት ዘመን በጌምድር የአፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ዓመታት ፍዳ ላይ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1859 ዓ.ም ጎንደርን ዘረፉ፤ አቃጠሉም። የአድባራቱን መጻሕፍት ሰብስበው ለመቅደላ ቤተ ክርስቲያናቸው አዋሉ። በጋፋት፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ አውሮጳውያን የእጅ ባለሙያዎች ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አቀለጡላቸው። በ1860 ዓ.ም ጥቅምት መግቢያ ላይ ደብረ ታቦርን ለእሳት ሰጥተው፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ያንን ብረት በሠረገላ እያስጎተቱ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ተነሡ። ገደሉ እየተናደ፣ ድንጋዩ እየተፈነቀለ መንገድ ተጠረገ። በደኅና ጊዜ ተማሪ በጥቂት ቀን የሚያልፈውን አገር ሠራዊቱ ለማለፍ ወራት ፈጀበት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። ከጎንደር የተወሰዱት መጻሕፍት ከነገሥታቱ ዕቃ ጋር በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቁ፤ 350 ያህሉ ለንደን ገብተው ቀሩ።

ይህን የማነሣው ለማስለቀስ አይደለም። ልጁ ታዬ ሲያድግ የነበረው በጌምድር መጻሕፍቱ ከእጁ የወጡበት አገር እንደ ነበረ ለማሳየት ነው። አርባ ዓመት ቆይቶ ይኸው ልጅ ጎልማሳ ሆኖ በአንድ የአውሮጳ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የአገሩን ብራናዎች ሲያገላብጥ እናገኘዋለን።

በልጅነቱ ወደ ምጽዋ ወረደ። ከምጽዋ ወደ ውስጥ ጥቂት ገባ ብሎ፣ ምንኩሉ በሚባል ሐሩር ሜዳ ላይ፣ የስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበረው። ስዊድናውያኑ ምጽዋ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1866 ሲሆን ዓላማቸው ወደ ደጋው መውጣት ነበር። አፄ ዮሐንስ ሚሲዮን አላስገባም በማለታቸው ግን ከባሕሩ ዳር ተተክለው ቀሩ። መቅረታቸው አንድ እንግዳ ነገር ወለደ። ደጋው ውስጥ መግባት ያልቻለ ሚሲዮን ከደጋው የወረደውን ሁሉ ይሰበስብ ጀመር፤ ከባርነት ነጻ የወጡ የኦሮሞ ልጆች፣ ጦርነት ያሳደዳቸው የትግራይና የሐማሴን ሰዎች፣ ከበጌምድር የመጡ እንደ ታዬ ያሉ። በ1870ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ ማተሚያ መሣሪያ አስገቡ። አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ የኦሮምኛ ንባብ መጽሐፍ ያሳተመው እዚሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1894። አስቴር ከቃሏ እያስታወሰች የጻፈችው ተረትና ምሳሌ በውስጡ አለ። ከአፍ የተሰማን ነገር በወረቀት ማሳረፍ በምንኩሉ የዘወትር ሥራ ነበር። ታዬ ከዚህ ቤት የወጡ ናቸው፤ በኋላ በርሊን ውስጥ ለሠሩት ሥራ መነሻው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሆኖም ምንኩሉ ብቻውን አለቃ አያደርግም። ታዬ ወደ ደጋ ተመልሰው ግዕዝንና ቅኔን አጠኑ። ይህ ውሳኔ ከእኩዮቻቸው ይለያቸዋል። ብዙው የሚሲዮን ተማሪ የአውሮጳ ቋንቋ ተምሮ የአገሩን ሊቃውንት ከሩቅ ይመለከታል። እሳቸው ግን በሊቃውንቱ ፊት አፍ የሚያስከፍተው ዕውቀት የትኛው እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። ከእሳቸው ጋር በሃይማኖት የተጣላ ካህን እንኳ በግዕዝ አያማቸውም ነበር።

ዘመኑ ለተማሪ የሚመች ዘመን አልነበረም። በጥር 1880 ዓ.ም ደርቡሾች ጎንደርን ዳግመኛ አቃጠሉ። በዓመቱ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ከብቱን የጨረሰው በሽታና የክፉ ቀን ረኃብ ተከተሉ፤ በሬ ያጣ ገበሬ መሬቱን በመቆፈሪያ እየቧጨረ፣ የቆሎ ተማሪን የሚመጸውት ቤት ራሱ ለልመና የወጣበት ጊዜ ነው። የጉባኤ ቤቶች ተፈቱ። መምህሩ ሲሞት በቃሉ የያዘው ትምህርት አብሮት ይቀበራል። ለምን መጻፍ አስፈለገ የሚል ካለ መልሱ ከዚህ አይርቅም።

የመጀመሪያው መጽሐፋቸው «መጽሐፈ ሰዋስው» በ1889 ዓ.ም ምንኩሉ ላይ ታተመ። የዓድዋ ጦርነት ካለቀ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ምንኩሉ ደግሞ በጣሊያን ቅኝ ግዛት ውስጥ ነበረች። ኢትዮጵያ ጣሊያንን ባሸነፈች ማግስት፣ ጣሊያን በሚገዛው ምድር ላይ፣ በስዊድናውያን ማተሚያ፣ የይፋግ ሰው የግዕዝ ሰዋስው በአማርኛ አሳተመ። የአገሩ የኅትመት ታሪክ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ዝንጉርጉር ነው።

ሥራው ከባድ የሆነበትን ምክንያት ለማየት ቅኔ ቤት ደጃፍ መቆም ይበቃል። ሰዋስው በጉባኤ ቤት የሚሰጠው በቃል ነው። መምህሩ ግስ ይገሥሳል፤ ተማሪው ይቀበላል። የግሱ አርእስት ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ ናቸው፤ የቀረው ግስ ሁሉ በእነዚህ ሥር ይሰለፋል። እርባ ቅምሩ ይከተላል፤ ከዚያ አገባቡ። የየቤቱ መምህር የራሱ አካሄድ አለው፤ የጎንጁ የዋሸራውን አይመስልም። ይህን ሁሉ ከመምህሩ አፍ አውጥቶ፣ መምህር አጠገቡ ለሌለው አንባቢ፣ በሥርዓት በወረቀት ማስቀመጥ የሊቅነትን ያህል ድፍረት ይጠይቃል። ምክንያቱም የጉባኤ ቤት ትምህርት ማዕርግ ከድካሙ ጋር የተያያዘ ነው። ስምንት ዓመት ለምኖ የተማረ ሰው፣ ሌላው በገዛው መጽሐፍ ሲማር ማየት አይወድም።

በዚያው ዘመን በአውሮጳ የግዕዝ ሰዋስው ነበረ። ጀርመናዊው አውጉስት ዲልማን ሰዋስውን እ.ኤ.አ. በ1857፣ መዝገበ ቃላቱን በ1865 አሳትሟል፤ ሰዋስው በጀርመንኛ፣ መዝገበ ቃላቱ በላቲን። ታላቅ ሥራ ነው፤ ግን ለጋይንት መሪጌታ ምን ይረባዋል? የታዬ ሰዋስው ለአገሩ ሰው በአገሩ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ከዲልማን ጋር በስፋት አይተካከልም፤ ዓላማውም ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1905 የጀርመን መንግሥት መልእክተኛ ፍሪድሪሕ ሮዘን አዲስ አበባ መጣ። መጋቢት 7 ቀን 1905 የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ከመልእክተኞቹ ጋር ዮሐንስ ፍሌሚንግ የተባለ የግዕዝ ሊቅ ነበረና ብራና ይፈልግ ነበር። ጀርመኖቹ በበርሊን የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አማርኛ የሚያስተምር ሰው እንዲላክላቸው ለመኑ። አፄ ምኒልክ አለቃ ታዬን መረጡ። ሲልኳቸውም ለራሳቸው አንድ ጉዳይ ጨመሩበት፤ በዚያ አገር ስላሉት የኢትዮጵያ መጻሕፍት እንዲመረምሩ።

እንዲህ ያለ ጉዞ በታሪካችን አዲስ አይደለም። አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 ጎታ ከተማ ከሂዮብ ሉዶልፍ ዘንድ ተቀምጠው አማርኛና ግዕዝ አስተምረዋል። በታዬ ዘመን ደግሞ ሌላው የጣና ዳር ሰው፣ የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ ናፖሊ ላይ አማርኛ ያስተምሩ ነበር። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ማየት ደስ ይላል። አፈወርቅ ናፖሊ ሆነው ያልነበረ ታሪክ ፈጠሩ፤ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም ሮም ላይ ሲታተም አማርኛ የመጀመሪያውን ልብ ወለድ አገኘ። ታዬ በርሊን ተቀምጠው የፈጠሩት የለም። እሳቸው የነበረውን ቆጠሩ። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለውን ጥያቄ አንባቢ እንደ ዝንባሌው ይመልስ፤ የእኔ ልብ ግን ወደ ቆጣሪው ያደላል።

በርሊን የዲልማን ከተማ ነበረች። ዲልማን ከሞተ ዐሥር ዓመት ቢያልፈውም የንጉሣዊውን ቤተ መጻሕፍት የግዕዝ ብራናዎች መዝግቦ ያሳተመው ዝርዝር እ.ኤ.አ. ከ1878 ጀምሮ በእጅ ላይ ነበር። ብራናዎቹን የሚያነብ ጀርመናዊ አልጠፋም። የጠፋው ሲነበቡ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳላቸው የሚያውቅ ነው። ግዕዝ በፊደሉ የማይታይ ብዙ ነገር አለበት፤ የቱ ፊደል ይጠብቃል፣ የቱ ይላላል፣ ሳድሱ መቼ ይሰማል መቼ ይዋጣል፣ ድምፁ በየትኛው ላይ ይነሣል። እነዚህን የሚያስተምረው ንባብ ቤት ነው። ልጁ ከፊደል ቆጠራ ተነሥቶ በግዕዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ በኩል ዳዊት እስኪደግም ድረስ ተነሹን ከወዳቂው፣ ሰያፉን ከተጣዩ እየለየ ጆሮው ይሞረዳል። የተሳሳተ እንደ ሆነ አርጩሜው አለ። የጋይንት የንባብ መምህር ይህን ሁሉ ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል፤ የበርሊን ፕሮፌሰር መጽሐፉን ሁሉ ይዞ አያውቀውም።

በትምህርት ቤቱ ኦይገን ሚትቮኽ የሚባል ወጣት የሴማውያን ቋንቋዎች መምህር ነበር። ከታዬ ጋር ተቀመጠ። ከዚህ መቀመጥ የወጡት ጽሑፎች፣ በእኔ ግምት፣ ከአለቃ ታዬ ሥራዎች ሁሉ እጅግ ውድ የሆኑት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1907 በትምህርት ቤቱ መጽሔት ላይ ከአማርኛ ተናጋሪ ሕዝብ አፍ የተወሰዱ ጽሑፎች ታተሙ። ቀጥሎ፣ በ1910 እና በ1911፣ የልጆች ጨዋታዎች በአማርኛ ተጽፈው ከጀርመንኛ ትርጉም ጋር ወጡ። ጽሑፉን ያቀበሉት አለቃ ታዬ ናቸው፤ በርዕሱ ላይ የተቀመጠው የአሳታሚው የሚትቮኽ ስም ነው።

የልጆች ጨዋታ! በጌምድር የጻፋቸውን መጻሕፍት ብትደረድር ድርሳን ታገኛለህ፣ ገድል ታገኛለህ፣ ተአምር፣ ዜና መዋዕል፣ መልክ፣ ቅኔ ታገኛለህ። ከብት እያገደ ሜዳ ላይ የሚጫወትን ልጅ ማንም ሊቅ ብራና ላይ አላሰፈረም። ብራና ውድ ነው፤ ፍየልና በግ ይታረድበታል፤ ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ተልጎ ነው የሚጻፍበት። ለልጅ ጨዋታ ማን ያባክነዋል? አለቃ ታዬ ከአርባ ዓመታቸው በላይ ሆነው፣ የንጉሠ ነገሥት መልእክተኛ ሆነው፣ በጀርመን ክረምት ውስጥ ተቀምጠው ልጆች እንዴት እንደሚጫወቱ ጻፉ። ማዕርጋቸውን ዝቅ ያደርግብኛል አላሉም። ምንኩሉ ያስተማረቻቸው አንዱ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ አስቴር ጋኖ ተረቷን ከጻፈችበት ቤት የወጣ ሰው የልጅ ጨዋታ አይንቅም።

አለቃ ታዬ እ.ኤ.አ. በ1908 ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጊዜው የምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተበት፣ አዲስ አበባ ለዘመናዊ ትምህርት በሯን ገርበብ ያደረገችበት ነው። አስተማሪ ግን ከግብፅ ነበር የመጣው። የሰዋስው ደራሲውና የበርሊኑ መምህር በዚህ አዲስ ሥራ ውስጥ ጉልህ ቦታ ይይዛሉ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። ብዙ ሳይቆይ ምኒልክ በጽኑ ደዌ ተያዙ፤ አንደበታቸውም ተዘጋ። የላካቸው ንጉሥ አልጋ ላይ በዋለ ጊዜ ከላይ የሚከላከልላቸው አጡ።

ካህናቱ በሃይማኖት ከሰሷቸው። የምንኩሉ ትምህርት ያለባቸው፣ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት አንዳንዱን በመጽሐፍ ቃል የሚመረምሩ ሰው ነበሩና ክሱ ከባዶ አልተነሣም፤ ከክሱ ጀርባ ግን የሊቃውንት ቅናትም ነበረበት ብል የምሳሳት አይመስለኝም። በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። ታሰሩም። በርሊን ውስጥ የግዕዝን ንባብ ያስተማሩ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ግዕዝን ከሚወዱ ሰዎች ጋር ተጣሉ። ከእስራቱ ከወጡ በኋላ የቀረውን ዕድሜያቸውን የሰጡት ለታሪክ ጽሕፈት ነበር።

ያሰቡት ትልቅ ነገር ነው፤ የኢትዮጵያን ነገሥታት ታሪክ ከጥንት ጀምሮ መጻፍ። ይህ ትልቁ ሥራ በሕይወታቸው ሳሉ ለኅትመት አልበቃም። የታተመው ሌላው ነው፤ «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ»፣ በ1914 ዓ.ም፣ አስመራ፣ በዚያው በስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ። ማተሚያው ከምንኩሉ ሐሩር ወደ አስመራ ደጋ ወጥቶ ነበር። ደራሲው ስድሳ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ መጀመሪያ መጽሐፋቸውን ላተመላቸው መሣሪያ ሁለተኛውን አስረከቡ።

መጽሐፉ ትንሽ ነው። ከአዳምና ከኖኅ ይነሣል። ከካም ነገድ፣ ከሴም ነገድ፣ ከዮቅጣን ልጆች እያለ ማን ከየት መጥቶ የት እንደ ሰፈረ ይዘረዝራል፤ ስለ አገው፣ ስለ ቤተ እስራኤል፣ ስለ ኦሮሞና ስለ ሌሎቹ ሕዝቦች በየተራው ያወራል። ዛሬ የታሪክ ተማሪ እጁን ጭኖበት ሊምልበት የሚችል መጽሐፍ አይደለም። የኩሽ ቋንቋ ተናጋሪዎች ከባሕር ማዶ ተሻግረው መጡ የሚለውን የቋንቋ ጥናት አይቀበለውም፤ የትውልድ ሐረጉም ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ ከክብረ ነገሥት፣ ከገዳማት ታሪክና ከአውሮጳውያን መጻሕፍት የተቀጣጠለ ነው። አንዳንድ ሕዝቦችን የሚጠራበት ስምና ስለ እነሱ የሚሰጠው ፍርድም የዘመኑን የደገኛ ንቀት የተሸከመ ነው፤ ይህን ለአለቃ ታዬ ስንል ልንሸፍንላቸው አይገባም።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ መጽሐፉ ያደረገውን አንድ አዲስ ነገር እንይ። ከእሱ በፊት ታሪክ ማለት በአብዛኛው ንጉሡ የት ዘመተ፣ የት ከተመ፣ ማንን ሾመ ነበር። በጎንደር የነገሥታት ዜና መዋዕል ውስጥ ገበሬው የሚታየው ሲገብር ወይም ሲዘረፍ ነው። አለቃ ታዬ ለንጉሥ ያልሆነ፣ በአገሩ ላይ ስለ ሰፈሩት ነገዶች ማንነት የሚጠይቅ መጽሐፍ በአማርኛ አሳተሙ። መልሱን ሳቱ፤ ጥያቄው ግን በእሳቸው መጽሐፍ ገበያ ወጣ። መጽሐፉ ተደጋግሞ ታተመ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ያላነበበውም ሰማው። ዛሬ በጋይንትም ሆነ በሸዋ ሽማግሌ «አባቶቻችን የነገሩን» ብሎ ከኖኅ ልጆች ጀምሮ የሚያወርደው ትረካ ውስጥ፣ ከአባቶች ይልቅ ከዚህች የአስመራ መጽሐፍ የተገኘው ምን ያህል እንደ ሆነ ቢመረመር ጥሩ ጥናት ይወጣዋል። በቃል የኖረው በኅትመት ገባ፤ የታተመው ደግሞ ተመልሶ ቃል ሆነ።

አለቃ ታዬ በ1916 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ዐረፉ። በዚሁ በ1916 የምንኩሉ ትምህርት ቤት የነካው ሌላው ሰው፣ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖት «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፉ ታትሞ ወጣ። ገብረ ሕይወት የዓድዋ ልጅ ነው፤ በ33 ዓመቱ የሞተ። እሱ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ንግድና ስለ ገንዘብ ይጽፋል፤ ታዬ ስለ ኖኅ ልጆች። አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ያያሉ ማለት ግን ቸኩሎ መፍረድ ነው። የታዬን የበርሊን ጽሑፎች ያየ ሰው እንዲህ አይልም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1926፣ ሚትቮኽ ስለ ግዕዝ ባህላዊ ንባብ አንድ መጽሐፍ በርሊን ላይ አሳተመ። መሠረቱ ከአለቃ ታዬ የሰማው ንባብ ነው። በጌምድር ውስጥ በአርጩሜ የሚጠበቀው ጥብቅና ላላ፣ ተነሽና ወዳቂ በላቲን ፊደል ተጽፎ ለአውሮጳ ሊቃውንት ቀረበ። እስከዚያ ድረስ ብዙዎቹ ግዕዝን እንደ ሞተ ቋንቋ፣ ከዕብራይስጥና ከዓረብኛ እያመሳሰሉ በግምት ያነቡት ነበር። ሚትቮኽ ራሱ መጨረሻው አላማረለትም። አይሁዳዊ ነበርና ናዚዎች ከማስተማር ሥራው አስወጡት፤ አገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ እ.ኤ.አ. በ1942 ለንደን ላይ ሞተ።

የታተመ ወረቀት ወደ ጋይንት በብዛት የገባበትን ቀን ስናስብ ደግሞ መጽሐፍ አይደለም የምናገኘው። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ፣ የንግሥት ዘውዲቱ የቀድሞ ባል፣ መጻሕፍት ወዳድ መስፍን ነበሩ። በ1922 ዓ.ም ከንጉሥ ተፈሪ ጋር ተጣልተው ጦር አስከተቱ፤ ጦራቸውም በዚያው በአሮጌው መንገድ፣ በጋይንት በኩል ወደ ወሎ ወሰን ገሠገሠ። ከአዲስ አበባ የመጡ አውሮፕላኖች በሰማይ ታዩ። መጀመሪያ የጣሉት ቦምብ አልነበረም፤ ወረቀት ነበር። በወረቀቱ ላይ ጉግሣ ዐመፀኛ መሆናቸውና ከእሳቸው ጋር የተሰለፈ ሁሉ በውግዘት መያዙ ታትሟል። ማንበብ የሚችለው ካህን ለማይችለው ወታደር አነበበለት። ወረቀቱ የብዙውን ልብ አላላ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም አንቺም ላይ፣ በጦር ሚኒስትሩ በሙሉጌታ ይገዙ በሚመራው ሠራዊት ፊት፣ ጉግሣ ተገደሉ። አለቃ ታዬ በዚያን ጊዜ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሥራቸውን ከሰጡት ከኅትመት ጋር የበጌምድር ገበሬ የተዋወቀው በውግዘት ወረቀት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በአጭሩ የሚነገር ነው። «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» ከጠላት ወረራ በኋላም መታተሙን ቀጠለ፤ ሰዋስው ግን ከአንባቢ እጅ እየራቀ ሄደ፤ የግዕዝ ተማሪው በ1948 ዓ.ም የወጣውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን ታላቅ መጽሐፍ አግኝቶ ነበርና ወደ ቀድሞው የሚመለስበት ምክንያት አነሰ። እ.ኤ.አ. በ1987 ግሮቨር ሀድሰንና ተከስተ ነጋሽ የታዬን የታሪክ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ መልሰው ኡፕሳላ ላይ አሳተሙ፤ ስዊድን ለሦስተኛ ጊዜ አሳታሚያቸው ሆነች። ባሕሩ ዘውዴ በ2002 እ.ኤ.አ. ስለ ዘመኑ ለውጥ ፈላጊ ምሁራን በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ ታዬን ከእነ አፈወርቅና ከእነ ገብረ ሕይወት ተርታ አሰለፏቸው። የገብረ ሕይወት ሥራዎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በአንድ ጥራዝ ተሰብስበው ወጥተዋል፤ ማንም ተማሪ ገዝቶ ሊያነባቸው ይችላል።

የታዬም ቢሰበሰቡ፣ አሰባሳቢው በታሪኩ መጽሐፍ እንዳይጀምር እመክራለሁ። እሱ የታወቀ ነው፤ ሐተታና ማረሚያ ተጨምሮለት በመጨረሻ ይግባ። መጀመሪያ የልጆቹ ጨዋታዎች ይምጡ፤ ከጀርመንኛው ትርጉም ተለይተው፣ አሳታሚው እንዳስቀመጣቸው በታዬ አማርኛ፣ ግርጌው ላይ የየአገሩ ልጅ ዛሬ እንዴት እንደሚጫወታቸው ተጽፎ። የእስቴው፣ የስማዳውና የጋይንቱ አንድ ላይ ላይገጥም ይችላል። ቀጥሎ ከሕዝብ አፍ የተወሰዱት፣ ከዚያ ሰዋስው፤ ሰዋስውን ለማረም ደግሞ የዋሸራ ወይም የጎንጅ ቅኔ መምህር ይቀመጥበት፤ ለንባቡ ክፍል ከቤተልሔም አንድ መሪጌታ ቢጠራ ሥራው ያልቃል።